ከጎሲፕ አፍ

እኛ እንግሊዝ አገር፣ ሄዝቶርፕ መንደር ውስጥ «ጎሲፕ» ስንል አበልጅ ማለታችን ነው። ልጄን ክርስትና ያነሣችልኝ ሴት ጎሲፔ ናት፤ እኔም ለእሷ እንደዚያው። ቄሳችን አባ ሆልት መጽሐፍ ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ የቃሉን ዘር ማንዘር ሳይቀር ያውቁታል። «የፊተኛው ግማሽ ጎድ ነው፣ እግዚአብሔር» ይሉን ነበር። «የኋለኛው፣ ሲብ የሚለው፣ የጥንት ሰዎች ዘመድን የሚጠሩበት ነው። ጎድሲብ፣ የእግዚአብሔር ዘመድ ማለት። እናንተ እንደ ደረቅ ዳቦ ስታላምጡት ስታላምጡት ጎሲፕ ሆኖ ቀረ።» የሥጋ ዘመድ ሳይጠሩት ይመጣል። ጎሲፕን ግን ሰው መርጦ ነው የሚያመጣት፤ ስለዚህ ከእህት ትበልጣለች የምንልም አለን።

ሴት ምጥ ሲይዛት የሚጠሩላት ጎሲፖቿ ናቸው። ወንድ ሁሉ ይወጣል። መስኮቱ በጨርቅ ይደፈናል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ይጠቀጠቃል፣ በጠራራ ፀሐይ ሻማ ይበራል። ትኩስ ጠላ በአጃ አጥሚት ተበጥብጦ ይቀርባል፤ ምጥ የያዛትም ትጠጣለች፣ እኛም እንጠጣለን፤ እውነቱን ለመናገር እኛ እንብሳለን። ከዚያ ጨዋታው ይደራል። አሥር ሰዓት ሙሉ በር ተዘግቶ ጸሎት ብቻ አይደረግም።

ውጭ የቆመው ወንድ ታዲያ ሳቁን ይሰማል እንጂ ምን እንዳሳቀን አይሰማም። «በር ዘግተው ስለ እኛ ካላወሩ ስለ ማን ያወራሉ?» ይላል። አልተሳሳተም። እንደ እኔ ግምት የቃሉ ጣጣ የጀመረው እዚያ በር ላይ ነው።

እኔ ቃሉ ሌላ ፊት እንዳለው ያወቅሁት በጥፊ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ኖርዊች ከተማ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ገረድ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ከጎረቤት ገረድ ጋር ውሃ መቅጃው ላይ ቆመን ስንጫወት እመቤቴ በመስኮት ብቅ አሉና «እናንተ ጎሲፖች!» አሉን። አበልጅ ያሉን መስሎኝ ደስ አለኝ። እጅ ነሥቼ «እግዜር ያክብርልኝ፣ እመቤቴ» አልኩ። የቀለድኩባቸው መስሏቸው ወርደው መጡና በጥፊ አጮሉኝ። በኋላ ያቺው ገረድ አስረዳችኝ፦ ከተማ ውስጥ ጎሲፕ ማለት ወሬኛ ናት፣ ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ሥጋ የምትበላ። ሦስት ዓመት አገልግዬ ወደ ሄዝቶርፕ ስመለስ ይህን ለማንም አላወራሁም። በጥፊ የተማሩትን ትምህርት ማን ያወራል?

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው የቃል ፍቅር ይዞኝ አይደለም። በዚህ ቃል የአንዲት ልጅ ዕድል ስለተወሰነ ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፤ የንጉሥ ቻርልስ ራስ ገና በፍርድ ከትከሻቸው ሳይለይ። ሲሲሊ የምትባል ልጅ ነበረች፣ የላይኛው እርሻ ላም አላቢ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ማርጀሪ የእኔን ልጅ አምብሮዝን ክርስትና አንሥታልኛለች። ጎሲፔ ነበረች ማለት ነው። ማርጀሪ ሳል ይዟት ስትሞት እጄን ጨብጣ «ሲሲሊን አደራ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አደራ ሲቀበሉት ቀላል ነው።

ኅዳር ላይ የሲሲሊ ሆድ ገፋ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስጠርተው «አባቱ ማነው?» ሲሏት «በዚህ ያለፈ ድስት ጠጋኝ ነው፤ ስሙን አላውቅም» አለች። ማንም አላመናትም፤ ግን ተጻፈ። አሠሪዋም ከቤት አስወጣት። የበርሜል ሠሪው ሚስት ጆይስ ስድስት ልጅ እያላት፣ አንዱ ገና ጡት እየጠባ፣ «ስድስት ካደሩበት ለሰባተኛዋ አይጠብም» ብላ አስገባቻት። ጆይስ እንዲህ ናት፤ አፏ ሰፊ ነው፣ ልቧም ሰፊ ነው።

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት ከታወቀ ያገባታል፣ ወይም ልጁን ያሳድጋል። አባት ካልታወቀ እናትየዋ አንድ ዓመት ቅጣት ቤት ገብታ ቃጫ ስትወቅጥ ትኖራለች፤ የመግቢያዋ ቀን ደግሞ ትገረፋለች። ስለዚህ አዋላጅ መሐላ አለባት፦ ምጡ ሲጠና የአባቱን ስም ሳትሰማ እጇን አትዘረጋም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ምጥ ከብቅልም ይብሳል፤ በምጥ ላይ ያለች ሴት አትዋሽም፣ ዳኛም ይህን ይቀበላል።

የካቲት ላይ አንድ ማለዳ ጆይስ መጥታ በሬን ደበደበች። «ጎሲፕ ቶማሲን፣ ተነሺ! የማርጀሪ ልጅ ይዟታል። እናቷ የለችም፤ ራሷን የምትይዥላት አንቺ ነሽ።»

ሄድኩ። ከአልጋው ራስጌ ተቀምጬ የሲሲሊን ጭንቅላት ደረቴ ላይ አደረግሁ። ከግርጌ አዋላጃችን እትዬ ኡርሱላ ተንበርክከዋል፣ ሰባ ዓመታቸው፣ መንደሩን ግማሹን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ጆይስና ሁለት ሌሎች ሴቶች ጠላውን ያሞቃሉ። እስከ እኩለ ቀን ደኅና ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁ አልወርድ አለ።

«ወገቧን ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ፣ እትዬ?» አለች ጆይስ።

«ዝም በይ! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አሉ ኡርሱላ። «አንቺንስ ያወጣሁሽ በዚሁ እጄ አይደል? ያኔም አፍሽ ነው የቀደመው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲሲሊም በላብ ተዘፍቃ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ምጡ መጣና ጮኸች።

ኡርሱላ እጃቸውን አነሡ። «በይ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ። ስሙን አውጪው። ድስት ጠጋኝ ምናምን እንዳትይኝ። ስሙን ካላወጣሽ እጄን አልዘረጋም። እኔም ነፍስ አለኝ፣ መሐላ አለብኝ።»

ሲሲሊ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች። ከንፈሯ ጆሮዬን ነካው። «አምብሮዝ» አለች፤ ከእኔ በቀር ማንም አልሰማም።

ደነገጥኩ ብል ግማሽ ውሸት ነው። በድርቆሽ አጨዳ ጊዜ አምብሮዝ ወደ ላይኛው እርሻ ምክንያት እየፈለገ ሲመላለስ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ያልኩት የመንደሩ ባለ ወፍጮ ሴት ልጁን ሊድርለት ስለነበር ነው። ወንድ ልጅ የለውም፤ ልጅቷን ያገባ ወፍጮውን ይወርሳል። እኔ ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሰው መሬት ላይ የማርስ ሴት ነኝ።

«ምን አለችሽ?» አሉ ኡርሱላ።

የሲሲሊን ላብ በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«ቶማሲን! ልጁ እየታፈነ ነው። ምን አለችሽ?»

የሲሲሊ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቷል። ፊቷ ጠቁሯል። ያን ሰዓት ወፍጮም ምንም አልታየኝም። «አምብሮዝ ነው ያለችው» አልኩ። «የእኔው አምብሮዝ።»

ኡርሱላ እጃቸውን ዘረጉ፤ ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ተወለደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ሲያዩኝ ከመንገድ ዞር ይሉልኝ ጀመር፤ በክብር ነው የምላችሁ። «የገዛ ልጇን ስም ሳትደብቅ አወጣች» ተባለልኝ። በሦስተኛው ቀን ልጁን ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ሲሲሊ ራሷ ጠይቃኝ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቶቢያስ ተባለ። ስንመለስ እንደ ልማዳችን የምጡን አይብ አመጣን። አንድ ትልቅ ክብ ደረቅ አይብ ይገዛና ሴቶቹ በምጡ ቀን ከመሃሉ እየቆረሱ ይበሉታል፤ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ሲቀር ሕፃኑን በቀዳዳው ያሳልፉታል፣ ዕድሉ እንዲቃና። ጆይስ ቶቢያስን አሳለፈችው። «እዩት ትከሻውን!» አለች። «በአይቡ አላልፍ አለ። የማን ትከሻ እንደሆነ እኔ አልናገርም፣ አምብሮዝ እየሰማኝ ነው።»

አምብሮዝ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ ቀልቶ ሄደ።

ባለ ወፍጮው ወሬው ሲደርሰው አልተቆጣም። ሰውዬው ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። «ሴቶች ያሉት ለእኔ ምንም አይደለም» አለ። «ከወር በኋላ ዳኛው ይቀመጣል። ዳኛው አባቱ አምብሮዝ ነው ካለ ልጄን አልሰጥም። አይደለም ካለ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ለችሎቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ቅቤ ስንጥ አምብሮዝ ወተት ቤት ገባና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲቀመጥ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ይመስላል።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ሲሲሊ ያለችው...»

«እውነት ነው ወይ ብለህ እኔን ልትጠይቀኝ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «እውነት ነው። አገባሻለሁም ብያታለሁ። ከዚያ አንቺ የወፍጮውን ነገር አመጣሽ።»

«እኔ አመጣሁ። አንተ ደግሞ አፍ የለህም።»

«አንቺ ያልሽውን እላለሁ» አለ። «ችሎት ላይ አንቺ እውነቱን ከተናገርሽ እኔም አዎ እላለሁ፣ አገባታለሁ። ዝም ካልሽ ግን እኔ ተነሥቼ አልናገርም። አልችልም።»

«እንዲህ ያለ ጀግና መውለዴን ሳላውቅ» አልኩት። ባልዲውን መልሶ አቃንቶ ወጣ። ሁሉንም እኔ ላይ ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ቅቤው ያን ቀን አልወጣልኝም።

ፈርቼ ነበር። ሲሲሊን ሳስብ እናቷ ትታየኛለች፤ አምብሮዝን ሳስብ ደግሞ በሰው መሬት ላይ የሚያረጅ ድሃ ይታየኛል፣ ልክ እንደ አባቱ። እስከ ችሎቱ ድረስ አልወሰንኩም። እግዜር ይመስክርብኝ፣ ጋሪው ላይ ስወጣ እንኳ እውነቱን የምናገር ይመስለኝ ነበር።

ችሎቱ የተቀመጠው በገበያው ከተማ፣ አንድ ሆቴል ቤት ፎቅ ላይ ነው። ዳኛው ሽማግሌ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ። ነገሩን ሁሉ የሚያስኬደው ጸሐፊው ነበር፤ ገና ከለንደን የመጣ፣ አንገቱ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ያደረገ፣ ሴት ስትናገር ጣሪያ የሚያይ ወጣት።

መጀመሪያ ሲሲሊን ጠየቃት። «ኅዳር ላይ ድስት ጠጋኝ አልሽ። አሁን አምብሮዝ አልሽ። እስከ ፋሲካ ሦስተኛ ስም እንጠብቅ?»

ወንዶቹ ሳቁ። ሲሲሊ «ያኔ የዋሸሁት እሱ እንዳይነካ ብዬ ነው፣ ጌታዬ» አለች። ጸሐፊው «ዋሸሁ» የሚለውን ብቻ ጻፈ።

ቀጥሎ ኡርሱላ ቀረቡ። ስሙን በጆሯቸው ከልጅቷ ሰምተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«እኔ ከግርጌ ነበርኩ» አሉ። «የሰማሁት ከጎሲፕ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። «ከጎሲፕ?»

«አዎ፣ ከጎሲፕ» አሉ ኡርሱላ ኮራ ብለው። «ከጎሲፕ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?»

ጸሐፊው ወደ ዳኛው ጆሮ ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ ደገመላቸው። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ኡርሱላም ያመኗቸው መስሏቸው መልሰው ፈገግ አሉ።

ጆይስ ተጠራች። «አንቺስ?»

«እኔም ከጎሲፕ ነው። መንደሩ ሁሉ የሰማው ከጎሲፕ ነው፣ ጌታዬ! የእኛ ጎሲፕ ደግሞ ውሸት አታውቅም፤ ፈልገው አያገኙባትም።»

«እናንተ አገር ጎሲፕ አትዋሽም?»

«ምነው? የእርስዎ አገር ትዋሻለች እንዴ?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ጆይስ ቀልዷ የሠመረላት መስሏት እጅ ነሥታ ተቀመጠች። እኔ ግን ተረዳሁ። ሰውዬው ምን እየሰማ እንደሆነ፣ እነሱ ምን እየተናገሩ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉንጬ ላይ ያ የድሮ ጥፊ የተመለሰ መሰለኝ።

«ቶማሲን!» ተባልኩ። ቆምኩ።

«አንቺ ራሷን ይዘሽ ነበር ይላሉ። በደንብ አድምጪ። ይህ ስም፣ አምብሮዝ የሚለው፣ የወጣው ከልጅቷ አፍ ነው ወይስ እነዚህ ሴቶች ከሚሏት ከጎሲፕ አፍ?»

ማለት የነበረብኝ አጭር ነው፦ ጎሲፗ እኔ ነኝ፤ ለእኔ የነገረችኝ ልጅቷ ናት። ሲሲሊን አየኋት። አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ ትጠብቃለች፤ አልፈራችም። አምብሮዝ በግድግዳው ጥግ ኮፍያውን በጣቱ ያሽከረክራል። ባለ ወፍጮው በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ከጎሲፕ አፍ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

ውሸት የለበትም። የምጡ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ስሙ ሲወጣ የሰሙት ከእኔ አፍ ነው፤ እኔም ጎሲፕ ነኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ የተናገርኩት ቃል አንድም ያልሆነ ነገር የለበትም። ከኋላዬ ሴቶቹ «እሰይ» አሉ። ኡርሱላ ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ። ሲሲሊ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች፣ የደስታ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ሁለት መስመር ጽፎ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነሰበት። አምብሮዝን አልጠሩትም። «ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል» ተባለና ወጣን።

ሴቶቹ ጋሪው ላይ እየዘፈኑ ተመለሱ። ጆይስ ጸሐፊውን አስመሰለች፣ አገጯን ወደ ሰማይ ቀስራ፦ «እናንተ አገር ጎሲፕ አትዋሽም?» ሲሲሊ ቶቢያስን እያጠባች ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ መንገድ መንገዱን አየሁ።

በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ዘበኛ ወረቀቱን አመጣ። አባ ሆልት በጆይስ ደጃፍ ቆመው አነበቡት፦ በወሬኛ ሴት አፍ ብቻ የወጣ ስም ስለሆነ አምብሮዝ ነፃ ነው፤ ሲሲሊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጣት ቤት ትግባ፣ አንድ ዓመት።

«የምን ወሬኛ?» አለች ጆይስ። «የትኛዋ ወሬኛ ነው ችሎት የቀረበችው?»

አባ ሆልት መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎሲፕ ብላችኋል?»

«ብለናል! መቶ ጊዜ ብለናል!»

«የኔ ልጆች፣ ከተማ ውስጥ ይህ ቃል ተበላሽቷል» አሉና አስረዷቸው። የእግዚአብሔር ዘመድ የነበረችው፣ ከዚያ ለምጥ የምትጠራ ወዳጅ የሆነችው፣ አሁን ምላሰኛ ሆናለች አሉ። ኡርሱላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው ልጅቷን ያሳሰርናት እኛ ነና» አሉ። «ሰባ ዓመት በዚህ ምላሴ ስናገር ኖሬ!» ጆይስ ደግሞ አለቀሰች፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አቀፈችኝ። «አንቺን ነው የማዝንልሽ፣ ጎሲፕ። የገዛ ልጅሽ ላይ እውነቱን ተናግረሽ ቃልሽን አጣመሙብሽ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያን ቀን ግን ይታሽ ነበር። አባ ሆልት «ገና ነው» አሉ። «እኔ ለዳኛው ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ቶማሲን፣ ‹ጎሲፕ ማለት እኔ ራሴ ነኝ፣ ከልጅቷ አፍ ሰምቻለሁ› ብላ ትፈርምበታለች። ነገ ኑ።»

ሴቶቹ ሲበተኑ እኔን ብቻ አስቀሩኝ። «ቶማሲን፣ ኖርዊች ስንት ዓመት ነው ያገለገልሽው?»

«ሦስት፣ አባ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። «ደብዳቤው ጠዋት ለፊርማ ይደርሳል» ብቻ አሉ።

ጠዋት ላሜ ልትወልድ ነው ብዬ ቀረሁ። በማግሥቱ ቅቤ ገበያ ነበር። ከዚያ እግሬን አመመኝ አልኩ። ጆይስ ስትመጣ «ዛሬ ከሰዓት» አልኳት፣ ከሰዓት ስትመጣ «ነገ በማለዳ» አልኳት። እሷ እንደሆነች ሰውን የምትጠረጥርበት አንጎል አልተሠራላትም፤ «አትድከሚ፣ እግርሽን በትኩስ ውሃ አድርጊው» ትለኛለች። አባ ሆልት ሰው አልላኩብኝም። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጠ ሳምንቱ አለቀ። እሳቸው ለምን በራሳቸው አልላኩትም አትሉኝም? እኔም አንዳንድ ጊዜ እላለሁ። ግን የእሳቸውን ኃጢአት እሳቸው ይቁጠሩት።

ቅዳሜ ዘበኛው ጋሪ ይዞ መጣ። ሲሲሊ ልጁን ይዛ ወጣች። ከሴቶቹ አልፋ ወደ እኔ መጥታ ቶቢያስን ክንዴ ላይ አስቀመጠችው።

«ጆይስ ከልጇ ጋር ታጠባልኛለች» አለች። «አንቺ ግን አሳድጊልኝ። ክርስትና እናቱ ነሽ።»

«ሲሲሊ...» አልኩ።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ። አንቺ ምን አደረግሽ? የሚሰማ ጠፋ እንጂ አንቺማ ተናግረሻል።» አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችው። «ሲያድግ የአባቱን ስም ንገሪው። ሌላ ሰው ቢነግረው ሊጠራጠር ይችላል፤ ካንቺ አፍ ከሰማ ግን ያምናል።»

«እሺ» አልኳት።

ጋሪው ሄደ። ቅጣት ቤት በገባች በስምንተኛው ወር እዚያ ንዳድ ገብቶ አሥራ አንድ ሴት ሲጨርስ ሲሲሊ አንዷ ነበረች።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። አሁን ወፍጮው የአምብሮዝ ነው። ክፉ ሰው አልወጣውም፤ ሚስቱን አይመታም፣ ሚዛን አያጭበረብርም። ቶቢያስ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ጆንያ ያወርዳል፣ ጆንያ ይጭናል። ከአምብሮዝ ጋር ጎን ለጎን ሲቆሙ ያየ ሰው ቶሎ ፊቱን ያዞራል።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ይዞ ያራምደኝ ነበር። ድንገት ቆመ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰዎች ጌታዬ አምብሮዝን አባትህ ነው ይሉኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይሉኛል። እትዬ ጆይስማ እምላለሁ አለችኝ። እኔ አላመንኳቸውም። እውነት ቢሆን አንቺ ትነግሪኝ ነበር አልኳቸው።»

ፊቱን አየሁት። እናቱ ችሎት ላይ አንገቷን እንዳሰገገችው አስግጎ ይጠብቀኛል።

«ወሬ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

አመነኝ።